ተያዥ ፍለጋ

ሽቱ ታማኝ አይደለችም መባሏን የሰማችው ለሻይ ውኃ ስትቀዳ ነው። የነገራት የለም፤ ሰምታ ነው። ልጇ ሠርካለም ጀርባዋን ለማድ ቤቱ ሰጥታ፣ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል ወሽቃ የሥራ ጫማዋን እያሰረች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አዎ ነጂባዬ፣ ፌል አድርጋለች። ኢሜይሉ ትናንት መጣ። ያ የታማኝነት ፈተና የሚሉት ነዋ። እባክሽ እንዳትነግሪያት፤ ሰው ሞልቷል አሉ ብዬ እኔው ቀስ ብዬ እነግራታለሁ» ትላለች። ሽቱ ቧንቧውን ዘጋችው። ጆሮዋ እንደ ጉልበቷ አልከዳትም፤ ሰው የሚያንሾካሹከው ሁሉ ለእሷ ከጩኸት እኩል ነው። ሰው በሰባ ዓመቱ አረጀ ይባላል፣ ጉልበቱ ደከመ ይባላል፣ ይሁን። ታማኝ አይደለም የሚባለው ግን ማን አይቶት ነው? ማን ቤቱን አስረክቧት ስታጎድል አገኛት? ሌባ እንኳ ሌባ የሚባለው እጁ ሲያዝ ነው። እሷን ግን ፊቷን ያላየ፣ ድምጿን ያልሰማ፣ የማን ልጅ እንደሆነች ያልጠየቀ ኮምፒውተር ተነሥቶ ወድቀሻል አላት፤ መውደቋንም የሰማችው እንደ ጎረቤት ወሬ በጓሮ በር ነው።

ሠርካለም ስልኩን ዘግታ ዘወር ስትል እናቷን ማንቆርቆሪያ ይዛ ቆማ አገኘቻት። ማን ምን እንደሰማ፣ ማን ምን እንደደበቀ የሚያውቀው በመካከላቸው ያለው ጠባብ ምንጣፍ ብቻ ይመስል ሁለቱም ወደ ታች አዩ። «ነቅተሻል እንዴ እማዬ» አለች ሠርካለም። «ሩዝ ፍሪጅ ውስጥ አለ። ዛሬ ደብል ፈረቃ አልገባም፣ ለእራት እደርሳለሁ። ኦኬ?» ሽቱ «እሺ» አለች። ሠርካለም ወደምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ሄደች። እዚያ የሰው እናቶች ስታጥብና ስታጎርስ ትውላለች፤ ስትመለስ ለራሷ እናት የሚተርፋት ፈገግታ ብቻ ነው። በሩ ከኋላዋ ጢጥ ብሎ ራሱ ተቆለፈ።

ድሮ እንዲህ አልነበሩም። ሠርካለም ከልጅነቷ ጀምሮ መልስ ሰጪ ነበረች። ሽቱ አንድ ስትላት ሁለት ትመልሳለች፤ ሽቱ ማማሰያ ስታነሣ እሷ አጥር ዘላ አክስቷ ቤት ትገባለች፤ ማታ ደግሞ አንድ ትሪ ላይ ይገናኛሉ፣ ኩርፊያው ከወጡ ጋር ተበልቶ ያልቃል። ሽቱ እዚህ ሰው አገር ከመጣች ወዲህ ግን ልጇ አንድ ቀን እንኳ አልተጣላቻትም። ጨው በዛ ስትላት «ኦኬ እማዬ» ነው። ይኼ ቀሚስ አጥሯል ስትላት ኦኬ እማዬ። ቤተ ክርስቲያን የምናረፍደው ባንቺ መኳኳል ነው ስትላት ኦኬ እማዬ። ሰው የሚጣላው የራሱን ሰው ነው፤ እንግዳን ማን ይጣላል? አንዳንድ ቀን ሽቱ ሆን ብላ ነገር ትፈልጋለች። ሠርካለም ግን ሶፋው ላይ ተጋድማ በስልኳ መስተዋት ላይ ጣቷን ወደ ላይ ወደ ላይ እየገፋች ፈገግ ትላለች። ያቺ ማማሰያ የምታስነሣ ልጅ የት እንደገባች ሽቱ አታውቅም፤ ብቻ ትናፍቃታለች። አጠገብ የተቀመጠ ሰው ይናፍቃል ቢሏት ድሮ ትስቅ ነበር።

ፈተናውም የተፈተነው በዚያው ሶፋ ላይ ነው። ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ሠርካለም ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አድርጋ «ነይ እማዬ፣ አንቺን ነው የሚጠይቀው፣ እኔ እተረጉምልሻለሁ» አለቻት። ሽቱ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ዳኛ ፊት እንደቀረበ ሰው ቀጥ ብላ ተቀመጠች። መጀመሪያ ስሟን ጠየቃት። ቀጥሎ ዕቃ ማንሳት ትችል እንደሆነ። ከዚያ ሠርካለም እያፈረች «ከቀጠረሽ ሰው ሰርቀሽ ታውቂያለሽ ይላል» አለች፤ ሽቱ ብድግ ብላ «ማንን ነው እንዲህ የሚጠይቀው? ያሳደገው የለም?» አለች። ከዚህ በኋላ ሠርካለም ማንበቡን ተወችው። ጣቷ ብቻ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። «አሁንስ ምን አለ?» ትላለች ሽቱ። «ያው ነው እማዬ።» ጠቅ፣ ጠቅ። «እኔስ ምን አልኩ?» «ጥሩ ነገር ነው ያልሽው።» ሽቱ ስለ ራሷ የተጠየቀችውን አልሰማች፣ ስለ ራሷ የመለሰችውን አላወቀች፤ ጥሩ ነገር ተናግራ ወደቀች።

ሥራው እዚሁ ከተማ፣ ሶዶ በሚሉት የፋብሪካና የመጋዘን ሠፈር ያለ የአንሶላ ማጠቢያ ነው፤ ስሙ ነው እንጂ የአገር ቤቱ ሶዶ አይደለም። የሆስፒታሎች አንሶላና ብርድ ልብስ በጭነት መኪና እየመጣ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ታጥፎ ይመለሳል። ነጂባ የምትባለው ፎቅ ላይ ያለችው ጎረቤታቸው እዚያ መሥራት ከጀመረች ቆይታለች፤ ቡታጅራ ተወልዳ ያደገች የአገሯ ልጅ ናት። ባለፈው ወር የረሳችውን ጃኬት ልትወስድ ስትሄድ ሽቱን «ይናፈሱ» ብላ በመኪናዋ ይዛት ሄደች። ቦታው እንፋሎት በእንፋሎት ነው፣ የትኩስ ጨርቅ ሽታ አለው፣ በማሽኑ ጩኸት የተነሣ ሰው ሁሉ ጮኾ ነው የሚያወራው። ቀጭኑን አንሶላ ማሽን ያጥፈዋል፤ ወፍራሙን ብርድ ልብስ ግን ሴቶች ሁለት ሁለት እየሆኑ በእጅ ነው የሚያጥፉት። ያን ቀን አንዷ ቀርታ ነበርና ነጂባ «እትዬ ሽቱ፣ እስቲ ጫፉን ይያዙልኝ» አለቻት። ያዘችላት። ወደ ኋላ ሄዱ፣ ወጠሩት፣ አራገፉት፤ ከዚያ ጫፍና ጫፉን ይዘው እንደ እስክስታ ወራጅ ፊት ለፊት መጡና እጅ ለእጅ ተገናኙ። ደግሞ ተለያዩ፣ ደግሞ ተገናኙ። ወዲያ ማዶ አንዲት ቻይና አሮጊትና አንዲት የሶማሌ ሴት ያንኑ ያደርጋሉ፤ ቋንቋ ለቋንቋ አይግባቡም፣ ግን የአንዷ እጅ የሌላዋን ሳያይ ያገኘዋል። ሽቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር አላሰበችም። ደመወዙን አልጠላችውም፤ ሠርካለም የቤት ኪራይ በጨመረ ቁጥር ግንባሯ ሲቋጠር ታያለችና። የሚያብሰለስላት ግን ያ እጅ ነበር፤ ጫፍ ይዞ ከወዲያ የሚመጣው እጅ።

ሻይዋን ሳትጠጣ ተወችውና በሹራቧ ላይ ነጠላዋን ደረበች። ፊደል አልቆጠረችም እንጂ ሰው እንዴት እንደሚታመን ታውቃለች። ሰው የሚታመነው በተያዥ ነው። አንዲት ልጅ ሰው ቤት ስትገባ ወይም ሱቅ ስትቀጠር ተያዥ አምጪ ትባላለች። ከሠፈሩ አንድ ሰው ይመጣል፣ እኔ አውቃታለሁ ይላል፣ ጎደለ ከተባለ እኔን ጠይቁኝ ይላል፤ በቃ። ሽቱ የስንቱን ልጅ ተያዥ ሆናለች። ፊርማ የለኝም ስትል አውራ ጣትሽን አምጪ ይሏታል፤ እሱንም የማይጠይቋት ነበሩ፣ «የሽቱ ናት» ማለት ብቻ የሚበቃቸው። ስለዚህ ነገሩ ቀላል ነው። እነዚህ ሰዎች ያልተቀበሏት ስለማያውቋት ነው። የሚያውቃት ሰው ይዛ ትሄዳለች።

የሚያውቃት ሰው የድሮ ሠፈሯ ልጅ ኑሪ ነው። ራይነር የሚባለው መንገድ ላይ ሱቅ አለው፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ጤፍ፣ በላስቲክ የታሸገ ቆሎ፣ ከበሩ አጠገብ ደግሞ ሻንጣና የጸሎት ምንጣፍ ይሸጣል። ቁልቁለቱን ይዛ ስትወርድ ዝናቡ ከመውረድም ካለመውረድም ያልሆነ ነበር፤ የዚህ አገር ዝናብ እንደ ልጇ ነው፣ አይጮኽም፣ አያቆምም። ኑሪን ዋጋ ሲለጥፍ አገኘችው። «በርበሬው አሥራ ስድስት ዶላር ገባ እንዴ?» አለችው ሰላም እንኳ ሳትለው። «ገባ እትዬ ሽቱ። ምን ይደረግ፣ የአውሮፕላኑ ነው።» «አውሮፕላኑ በርበሬ ይበላል?» ኑሪ ሳቀና ወንበር ሳበላት። አልተቀመጠችም። እህቱ ቢልቂስ መርካቶ ጨርቅ ሱቅ ስትቀጠር ማን ተያዥ እንደሆናት ጠየቀችው። ኑሪ የዋጋ መለጠፊያውን አስቀመጠ። «እርስዎ ነዎት። ምነው፣ ዛሬ ምን አስታወሰዎት?» «ዛሬ ተራው ያንተ ነው። ሶዶ ሄደህ ተያዤ ትሆናለህ።»

ኑሪ ነገሩን ሁለት ጊዜ አስደገማትና ራሱን እያከከ አስረዳት። እዚህ ተያዥ የሚባል ነገር የለም፤ ሪፈረንስ የሚሉት አለ፣ እሱም በስልክ ነው፣ ይደውላሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ እሱንም አይደውሉም። ፈተና የወደቀን ሰው ደግሞ ሰው ቢመሰክርለትም ፋይዳ የለውም። «እትዬ ሽቱ፣ ሄጄ ምን ልላቸው ነው? ያዋርዱናል እንጂ።» ሽቱ የሻንጣዎቹን ዋጋ አየች። ከዚያ «እኔ ያን ጊዜ የቢልቂስ ቀጣሪ ፊት ስቆም አዋርዶኝ ነበር» አለች። «አንቺ መሃይም፣ ተያዥ መሆን ታውቂያለሽ ወይ አለኝ። ቆምኩ። አንተ ደግሞ እንግሊዝኛ እያወቅህ ፈራህ።» ኑሪ ከዚህ በኋላ አልተከራከረም። ለአንድ ምግብ ቤት የሚያደርሰው ጤፍ ስለነበረው ሱቁን ለሚስቱ ትቶ ቫኑን አስነሣ።

ሶዶ ሲደርሱ የጭነት ባቡር መንገዱን ዘጋባቸው። ባቡሩ እንደማያልቅ ወሬ ነው፤ ፉርጎ ይሄዳል፣ ፉርጎ ይመጣል፣ ማለቂያ የለውም። በቫኑ ውስጥ የጤፍና የኮረሪማ ሽታ አለ። ኑሪ በመሪው ላይ ጣቱን እየመታ «ግን እትዬ ሽቱ፣ ምን ብለው መልሰው ነው የጣሉዎት?» አላት። «እኔ የት አውቄ» አለች ሽቱ። ኑሪ ዘወር ብሎ አያትና ደግሞ ባቡሩን ማየት ቀጠለ። አልጠየቃትም። እሷም ልጄ ናት የመለሰችልኝ አላለችም። ልጅን ሰው ፊት ማሳጣት ገበናን አደባባይ እንደማስጣት ነው፤ የቤት ነገር ቤት ይቀራል። በልቧ ግን «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» አለች፤ ቀጥሎም ልጇ ለመጨረሻ ጊዜ ምን አቡክታላት እንደነበር ለማስታወስ ሞከረች፤ አልመጣላትም።

በማጠቢያው ቢሮ በመስኮት በኩል የተቀመጠችው ሴት አንገቷ ላይ መታወቂያ ያንጠለጠለች፣ ጥርሷ የሚያምር፣ ፈገግታዋ ለሁሉም እኩል የተመዘነ ነበር። ኑሪ በእንግሊዝኛው ተናገረ። ይህችን ሴት ከወጣትነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ፣ የሆነ ነገር ቢጠፋ እኔ አለሁ፣ ሱቄ እዚያ ነው፣ ስልኬ ይኸው አላት። ሴትየዋ ከጨዋነቷ ብዛት እስከ መጨረሻው ሰማችውና ኢንሹራንስ የሚሸጥ እንደሆነ ጠየቀችው። ኑሪ አይደለም አለ። እንደገና ጀመረ። ሁለተኛውን ጊዜ ሲናገር ላብ ግንባሩ ላይ ወጣ፤ ሽቱ አንድም ቃል ባይገባትም የቆመበትን አቋቋም እያየች «ይበቃል፣ ሆኗል» ብላ በልቧ መረቀችው። ሴትየዋ ትከሻዋን ሰብቃ ስልክ አነሣችና ከውስጥ እሴይ የሚባለውን የፈረቃ ኃላፊ ጠራችላቸው።

እሴይ ያኔ ብርድ ልብሱን ስትይዝ ያያት የአበሻ ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ ጆሮው ላይ የድምፅ መከላከያ ያጠለቀ። ጎንበስ ብሎ ሰላም አላትና አንድ ጥግ ይዟቸው ሄደ። ከበስተጀርባው ያለው የላስቲክ መጋረጃ በተገለጠ ቁጥር ውስጡ ይታያል፤ ነጂባ ከማታውቃት ሴት ጋር ብርድ ልብስ ታጥፋለች። ሽቱን አየቻት። እጇን ልታነሣ ብላ መልሳ አወረደችው፤ ጠዋት ስልክ ላይ የሰማችውን ሽቱ እንደማታውቅ መስሏት ዓይኗን ብርድ ልብሱ ላይ ጣለች። መጋረጃው ተዘጋ።

«እማማ፣ እኛ መልሱን አናየውም» አለ እሴይ። «የሚመጣልን ቀለም ነው። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። የእርስዎ ቀይ መጣ።»

«እንደ መንገድ መብራት።»

«እንደሱ።»

«ቀይ የሆንኩት ምን ወስጄ ነው?»

«የወሰዱት የለም።» እሴይ ኑሪን አየ፣ መሬቱን አየ። «የኛ ሰው ሰርቄያለሁ ብሎ አይወድቅም እማማ። የኛ ሰው የሚወድቀው በሌላ ነው። እኔም መጀመሪያ ኦበርን የሚባል ከተማ ያለ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን፣ ሳመለክት በዚሁ ነው የወደቅኩት። ሶ፣ ፈተናው ውስጥ ወጥመድ አለ። በሕይወትህ ተናድደህ ታውቃለህ ይላል። እኔ በጭራሽ አልኩ። አርፍደህ ታውቃለህ? በጭራሽ። ለቀልድም ቢሆን ዋሽተህ ታውቃለህ? በጭራሽ። ለቀጣሪ ጉዱን የሚያወራ ማን አለ? እኛ አገር እንዲህ ካልክ ማን ይቀጥርሃል? ኮምፒውተሩ ግን ሁሉንም በጭራሽ ያለ ሰው ውሸታም ነው ይልና ቀይ ያበራል። መጥፎ ስለሆኑ አይደለም የወደቁት። በጣም ጥሩ ስለሆኑ ነው።»

«እኔ» አለች ሽቱ ቀስ ብላ፣ «ተቆጥቼ አላውቅም ተብሎ ተጽፏል?»

«ሳይሆን አይቀርም።»

ኑሪ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ መቻል አቃተውና ግድግዳውን ተደግፎ ሳቀ፣ ዓይኑን በእጁ ጀርባ እየጠረገ። «እትዬ ሽቱ ተቆጥተው አያውቁም። ያ የሠፈሩ ወፍጮ ቤት ባለቤት በሕይወት ኖሮ ይኼን ቢሰማ። ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት እኮ ይኼ ነው።» እሴይም ሳቀ። ሽቱ ራሷ የከንፈሯ ጫፍ ሊከዳት ሲል ያዘችው። ሳቁ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቀዘቀዘባት። ፈገግታዋን ሳትጨርሰው «ሌላስ ምን ይጠይቃል?» አለች።

እሴይ ያስታወሰውን ዘረዘረላት። ሰው አስቀይመህ ታውቃለህ? ብትችል መልሰህ የምትውጠው ክፉ ቃል አለህ? ከምትወደው ሰው ጋር ተጣልተህ ታውቃለህ? ሽቱ የመጨረሻውን ደግሞ እንዲነግራት ጠየቀችው። ደገመላት። ከምትወደው ሰው ጋር ተጣልተህ ታውቃለህ። ልጇ እዚያም ላይ ጣቷን አሳርፋ በጭራሽ ብላለች ማለት ነው። ጠቅ። ማማሰያው የለም፣ አጥሩ የለም፣ የአክስቷ ቤት የለም፣ ማታ ትሪው ላይ የሚሟሟው ኩርፊያ የለም። አንዲት ንፍሮ የመሰለች፣ ቅመም ያልነካት፣ ለማንም ክፉ ተናግራ የማታውቅ ሴት ተጽፋ ሄዳለች፤ ያቺን ሴት ኮምፒውተሩ እንኳ የለችም ብሎ መለሳት። ከኮምፒውተሩ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማማች።

«ማን ነው የሞላልዎት?» አለ እሴይ። «የምጠይቅዎት ለክፉ አይደለም። አመልካቹ ራሱ ካልመለሰው ፈተናው ይሰረዝና እንደገና ይላካል፣ የሚያነብ ሰው አጠገብ ሊቀመጥ ይችላል። ግን የመለሰው ሰው ራሱ ለቢሮዋ ሴት ደውሎ እኔ ነኝ ማለት አለበት። ያለዚያ እስከሚቀጥለው ክረምት መልሰው ማመልከት አይችሉም። ቦታዎትን እስከ ዓርብ አቆይልዎታለሁ፤ ከዚያ ከእጄ ይወጣል።»

ሽቱ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች። «ማንም አልሞላልኝም» አለች። «እኔው ነኝ።»

ኑሪ ሳቁን አቆመ። ስሟን መጻፍ የማትችል ሴት የእንግሊዝኛ ፈተና እኔው ሞላሁት አለች፤ ሦስቱም ቆመው ይህችን ውሸት እንደ ታመመ ልጅ በጥንቃቄ አዩዋት፣ አንዳቸውም አልነኳት። እሴይ «እሺ እማማ» አለ። «እስከ ዓርብ።» መጋረጃውን ገልጦ ሲገባ እንፋሎቱ እስከ ፊቷ መጣ፤ የትኩስ ጨርቅ ሽታ። ሽቱ እዚያው ቆማ አንድ ጊዜ ሳበችው።

በመልስ መንገድ ብዙ አላወሩም። ኑሪ ጤፉን አድርሶ ቤቷ ደጃፍ ቫኑን ፓርክ ካደረገ በኋላ «ተያዥ ሆኜ ምንም ሳልይዝ ቀረሁ» አላት። «ቆመሃል» አለችው። «ያቺ ሴት እንደ ለማኝ ስታይህ አልተቀመጥክም። ለቢልቂስ ደውዬ እነግራታለሁ፣ ወንድምሽ ሰው ሆኗል እላታለሁ።» ከወረደች በኋላ መልሳ በመስኮቱ ጎንበስ አለችና «በርበሬውን ግን ቀንስ» አለችው።

ከሰዓቱን ሁሉ ቤቱን ስትዞር ዋለች። ትንሽ ቤት ናት፤ ሶፋው፣ ቴሌቪዥኑ፣ ከግድግዳው የተደገፈ ያልተከፈተ የጠረጴዛ ካርቶን፣ ሁለት መኝታ ቤት፣ ልብስ ማድረቂያው የተሸጎጠበት ቁም ሣጥን የሚያህል ክፍል። ሠርካለም የታጠበ ልብስ አታጥፍም፤ ከማድረቂያው አውጥታ ሶፋው ጥግ ትከምረዋለች፣ የሚለበሰው ከክምሩ እየተመዘዘ ነው። ሽቱ የራሷን የራሷን እያወጣች ታጥፋለች። አንሶላውን ግን አልነካችውም። ትልቅ አንሶላ ለአንድ ሰው አይሆንም፤ አንዱ ጫፍ ሲያዝ ሌላው መሬት ይጎተታል። ሩዙን ሳታሞቅ ቀዝቃዛውን በላች። መስኮቱ ጋ ቆማ በሠፈሩ የሚያልፈውን የከተማ ባቡር ሐዲድ አየች። እሴይ ፊት የተናገረችውን ያቺን ውሸት እያላመጠች ነበር። ለልጇ ስትል ዋሸች፤ ልጇም ለእሷ ስትል ዋሸች። ሁለቱም እርስ በርስ ያልተባባሉት እውነት ብቻ ነው።

ሠርካለም ገና ለዓይን ሳይጨልም ገባች፣ የተገዛ ዶሮ በላስቲክ ይዛ። ጫማዋን አወለቀች፣ ከፊቷ ላይ ድካሙን አንሥታ ያችን ፈገግታ አደረገች። «እንዴት ዋልሽ እማዬ? ሶ፣ ያ ሥራ እኮ... ነጂባ ኮል አድርጋልኝ ነበር፣ ሰው ሞልቷል አሉ። ሌላ እንፈልጋለን፣ ኦኬ?»

ሽቱ ከክምሩ ሥር ትልቁን አንሶላ መዝዛ አወጣችው። አንዱን ጫፍ ወረወረችላት። «ያዢ።»

ሠርካለም ዶሮውን አስቀምጣ ያዘች። ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ አንደኛዋ ማድ ቤቱ ደፍ ላይ፣ ሌላዋ መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆሙ። ወጠሩት። አራገፉት። አንሶላው በመካከላቸው እንደ ሆድ ተነፋና ተኛ።

«እኔ ተቆጥቼ አላውቅም?» አለች ሽቱ።

የሠርካለም እጅ ቆመ። «ማን ነገረሽ?»

«ሶዶ ሄጄ ነበር። ከኑሪ ጋር። ተያዥ ይዤ።»

«ተያዥ?» ሠርካለም ልትስቅ ነበር፤ ከዚያ ሳቁ ጠፋባት። «ኦኬ። ሶሪ እማዬ። ለጥሩ ብዬ ነው።»

«ኦኬ አትበዪኝ። ከምወደው ሰው ተጣልቼ አላውቅም? እሱንም አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«ታዲያ ምን ልጻፍልሽ?» አለች ሠርካለም። ድምጿ ሽቱ ለብዙ ዘመን ካልሰማችበት ቦታ ወጣ። «ገና በሦስተኛው ጥያቄ እኮ ተነሥተሽ ኮምፒውተሩን ተሳደብሽ። የቀረውን ባነብልሽ ምን ልትዪ ነበር? በዚህ ሁሉ ጥያቄ ውስጥ ስድብ ልጻፍ? ከሕንፃው ማናጀር ጋር በአማርኛ ተጣልታለች፣ እሱ ምንም አልገባውም፣ ግን አልቅሷል ብዬ ልጻፍ? ሁልጊዜ እዚያ መስኮት ላይ ተለጥፈሽ ነው የማገኝሽ። አንድ ቀን ከነጂባ ጋር ሄደሽ መጣሽ፣ ፊትሽ በራ፤ እኔ ላበራው ያልቻልኩትን ፊት። ፈራሁ። እንዳይጥሉብኝ ፈራሁ። አንቺ ግን መቼም ተይ አትባዪም፣ ሰው አስከትለሽ እኔን ልታዋርጂኝ ሶዶ ድረስ ትሄጃለሽ፤ ደግሞ ነገ ሠፈሩ ሁሉ...» አልጨረሰችውም። ጉንጯ ቀልቷል፣ አፍንጫዋ ተነፍቷል። ልክ አጥር ልትዘል ስትል እንደምትሆነው።

ሽቱ አየቻት። ልቧ ውስጥ የሆነ ነገር ከተቀመጠበት ተነሣ። አቤት፣ ነበርሽ እንዴ፣ አለች በሆዷ። ፊቷን ግን አልፈታችም፤ ፊት ከተፈታ ልጅ ይዘናጋል።

«ስምሽን አልጠራሁም» አለች። «እኔው ነኝ የመለስኩት አልኳቸው።»

አንሶላው በመካከላቸው ረገበ። ሽቱ «ነይ» ብላ በጫፉ ሳበቻት። ሠርካለም መጣች፣ ቀስ ብላ፣ ጫፏን እንደያዘች፤ ጠባቡ ምንጣፍ ላይ ተገናኙ። የሠርካለም እጅ ቀዝቃዛ ነበር፤ የመጦሪያው ሳሙና ጣቶቿን ሰነጣጥቆታል። ሽቱ የአንሶላውን ጫፍ ተቀበለቻት፤ ጣቶቿን ግን ከአንሶላው ጋር አብራ ያዘችና አልለቀቀችም።

«ነገ ጠዋት ለዚያች ለቢሮዋ ሴት ትደውያለሽ» አለች። «እኔ አጠገብሽ ቆሜ እሰማለሁ። የመለስኩት እኔ ነኝ፣ እናቴ አንዱንም አልመለሰችም ትያታለሽ። ኑሪ ዛሬ ቆመልኝ፣ እሱን አላህ ይስጠው፤ ተያዤ ግን አንቺ ነሽ። ፈተናውን መልሰው ሲልኩት እዚያ ሶፋ ላይ ትቀመጪያለሽ፣ አንድ ሳታስቀሪ ታነቢልኛለሽ፣ እኔ ያልኩሽን ትጽፊያለሽ። ተቆጥታለች በይ። አስቀይማለች በይ። ከልጇ ጋር ተጣልታ ታውቃለች፣ ዛሬም ተጣልታለች በይ። ቀይ ከመጣም የራሴ ቀይ ይምጣ።»